ሁለት መቶ ሜትር በኖራ

ሱሉልታ የቀነኒሳ በቀለ መም ያለባት ከተማ ናት። እኔ ግን ላወራ የፈለግሁት እዚያው ከተማ ውስጥ፣ በአንድ የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ በኖራ ስለተሰመረው መም ነው።

ሜዳው የኳስ ሜዳ ነው። የ400 ሜትር መም አይገባበትም፤ የዚያ መም ቀጥታው 84.39 ሜትር፣ የኩርባው ሬዲየስ 36.50 ሜትር ስለሆነ የኳስ ሜዳን መሀሉ ላይ ይዞ ይተርፋል። ስለዚህ የስፖርት መምህሩ 200 ሜትር ያሰምራሉ። ቁጥሮቻቸው እነዚህ ናቸው፦ ቀጥታው 43.45 ሜትር፣ ሬዲየሱ 17.80 ሜትር፣ አራት መሮጫ፣ የእያንዳንዱ ስፋት 1.22 ሜትር።

ሯጭ መስመሩን ረግጦ አይሮጥም። ጠርዙ በኖራ ብቻ ከተሰመረ ርቀቱ የሚለካው ከመስመሩ 20 ሴንቲ ሜትር ወደ ውጭ ነው። 17.80 ላይ 20 ሴንቲ ሜትር ሲጨመር 18 ይሆናል። በ18 ሜትር ሬዲየስ ሁለቱ ኩርባዎች ተደምረው 113.10 ሜትር፣ ሁለቱ ቀጥታዎች 86.90። ድምሩ ልክ 200።

ሥራው በሁለት ችካል ይጀምራል። በመካከላቸው 43.45 ሜትር አለ። ከእያንዳንዱ ችካል ሽቦ ይዘረጋና ግማሽ ክብ ይዞራል። ሲባጎ ይለጠጣል፤ ሽቦ አይለጠጥም። በሬዲየሱ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ከተሳሳቱ አንዱ ዙር 63 ሴንቲ ሜትር ይዛነፋል። የ1,500 ሜትር ሯጭ ሰባት ዙር ተኩል ሲጨርስ መዛነፉ ወደ 5 ሜትር ተጠግቷል ማለት ነው።

ቀጤ ማዕዘኑን ጎኖቹ ሦስት፣ አራት፣ አምስት በሆኑ ሦስት ማዕዘን ያወጡታል፤ ስምንተኛ ክፍል የተማርነው ነገር መሬት ላይ ሲውል ደስ ይላል። ከዚያ ቀጥታውና ኩርባው የሚገናኙባቸውን አራት ነጥቦች በሰያፍ ይለካሉ። ሁለቱም ሰያፎች 56.17 ካልመጡ ችካሉ ይነቀላል። ቀጥታው ወደ ኩርባው የሚገባበት ቦታ ላይ መምህሩ በደረታቸው ተኝተው በአንድ ዓይን ይመለከታሉ። እዚያ ጋ ስብራት ካለ ሜትር ሳያገኘው ዓይን ያገኘዋል።

ኖራው ቀድሞ ውሃ የጠጣና የደረቀ ነው። ያልጠጣ ኖራ እግር ያቃጥላል፤ ከልጆቹ ደግሞ በባዶ እግሩ የሚሮጥ አይጠፋም። መስመሩ 5 ሴንቲ ሜትር ይሰፋል። 17.80 የሚለካው እስከ መስመሩ ውጫዊ ጠርዝ ስለሆነ ኖራው ወደ ውስጥ እንጂ ወደ ውጭ አይፈስም።

ከሁሉም ረጅም ጊዜ የቆምኩት መነሻው ላይ ነው። መጨረሻው ለሁሉም አንድ ስለሆነ፣ አንድ ሙሉ ዙር ለመሮጥ ውጭ ውጭ ያለው ልጅ ወደፊት ገፋ ብሎ መነሳት አለበት። በምን ያህል? 1.22 በ2፣ ከዚያ በፓይ ሲባዛ 7.67 ሜትር። ሁለተኛው መሮጫ 7.67፣ ሦስተኛው 15.33፣ አራተኛው 23 ሜትር። በዚህ ስሌት ውስጥ የኩርባው ሬዲየስ የለበትም። ሜዳው ቢሰፋም ቢጠብም፣ በትልቅ ስታዲየም ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው መሮጫ ያለው ልዩነት እዚህ ካለው ጋር እኩል ነው።

አለካኩ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ መነሻው ኩርባ ላይ ነውና። ሜትሩን ቀጥ አድርጎ የዘረጋ ሰው በሁለተኛው መሮጫ 5 ሴንቲ ሜትር፣ በአራተኛው ከ1 ሜትር በላይ ይስታል። መምህሩ ትናንሽ ችካሎችን በኩርባው ላይ ደርድረው ሜትሩን በእነሱ ዙሪያ ያዞሩታል። አራተኛው ላይ የሚነሳው ልጅ ይህን አያውቅም። ሲሸነፍ ግን በትክክል ተሸንፏል፤ ሲያሸንፍም እንዲሁ።

የአገራችን ሩጫ ከትምህርት ቤት ሜዳ ብዙ አግኝቷል። በቆጂ ላይ ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳንና ጥሩነሽ ዲባባን ያሠለጠኑት ስንታየሁ እሸቱ የትምህርት ቤት ስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱ በ1984 ዓ.ም. በባርሴሎና ያሸነፈችበት 10,000 ሜትር 25 ዙር ነው። በዚህ የኖራ መም 50 ዙር ይሆናል፤ በየዙሩ 10 ሴንቲ ሜትር ቢጎድል 5 ሜትር ይጠፋል።

ኖራው ዝናብ ሲመታው ይሄዳል፤ ለሚቀጥለው ውድድር እንደገና ከሁለቱ ችካል ይጀመራል። ለቀድሞ ትምህርት ቤታችሁ ስጦታ የምታስቡ ሰዎች፣ ማልያውና ዋንጫው ይቆይና በመጀመሪያ ለስፖርት መምህሩ አንድ ጥሩ የ100 ሜትር የብረት ሜትር ግዙላቸው።