የትግላችን ሐውልትና የበዓሉ ጥላ

በአዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና፣ ከጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ፊት ለፊት የቆመው የትግላችን ሐውልት የተመረቀው የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በተከበረበት በመስከረም 1977 ዓ.ም. ነው። የሰሜን ኮሪያ ስጦታ ነው። 50 ሜትር ገደማ የሚረዝመውን ዓምድና በጫፉ ያለውን ቀይ ኮከብ ያየ ሰው ይህን ለመገመት ብዙም አይቸገርም።

ሐውልቱ ሁለት ሸክም ተጭኖበታል፤ አንዱ በዓሉ ሲሆን፣ ሌላው በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በተደረገው ጦርነት የወደቁት ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን መታሰቢያ መሆኑ ነው። ሁለቱ እኩል አልተስተናገዱም። በግራና በቀኝ ያሉት የግድግዳ ቅርጾች ያደሩት ለበዓሉ ነው። ሕዝቡ ወደ አንድ አቅጣጫ ይተማል፤ ክንዱ ሁሉ ፈርጣማ፣ ፊቱ ሁሉ ቆራጥ ነው። ገበሬውን ከወታደሩ የሚለየው በእጁ የያዘው ነገር ብቻ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የኩባውያኑ ሟቾች ምስል ዘንድ ሲደርሱ ግን ነገሩ ይለወጣል፤ እያንዳንዱ የራሱ መልክ አለው። ከባሕር ማዶ መጥቶ ኦጋዴን ላይ የወደቀው ሰው በፊቱ ሲታወስ፣ ጅጅጋን ለማስለቀቅ የዘመተው የገበሬ ልጅ በቅርጹ ውስጥ «ሕዝብ» ሆኖ ቀርቷል። የሥራው ትልቁ ድክመት ይህ ይመስለኛል።

ቀኑም ራሱ ይፈርድበታል። በመስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ምሽት የወሎን ረሃብ ከቤተ መንግሥት ግብዣ ጋር አገጣጥሞ በቴሌቪዥን ያሳየው፣ በማግስቱም ንጉሡን ያወረደው ደርግ፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ወሎና ትግራይ ዳግም በረሃብ ሲረግፉ በዓሉን በታላቅ ወጪ አከበረ። የኮረም ምስል ዓለምን ያስደነገጠው በጥቅምት ወር፣ ምረቃው ካለፈ ከሳምንታት በኋላ ነበር። ለአብዮቱ መነሻ የተደረገው ረሃብ በልደቱ ቀን ተመልሶ በር ላይ ቆሞ ነበር ማለት ነው።

የሆነ ሆኖ በ1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ የሌኒን ሐውልት ሲገረሰስ፣ ትግላችን ባለበት ቀርቷል። ሁለቱም የአንድ ዘመን ልጆች ናቸው፤ ልዩነቱንም በቀራፂው ብልጫ ማስረዳት አይቻልም። ሌኒን አዲስ አበባ ውስጥ ዘመድ አልነበረውም፤ የካራማራ ሟቾች ግን እናትና ልጅ ነበራቸው። በግድግዳው ላይ መልክ ያልተሰጣቸውን እነዚያን ወታደሮች ከኩባውያኑ ጎን በየመልካቸው ለማኖር ግቢው አይጠብም።