በ«ወዘተ» ውስጥ የቀሩ ልሳናት፦ የ1968ቱ የናይሮቢ ማስታወሻና የአናሳ ልሳን ተማሪ

1. መነሻ

ኦክቶበር 24 ቀን 1968 (እ.ኤ.አ.፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሦስት ምሁራን የእንግሊዝኛ ትምህርት ክፍል እንዲዘጋና በምትኩ የአፍሪካ ሥነ ጽሑፍና ልሳናት ትምህርት ክፍል እንዲቋቋም የሚጠይቅ አጭር ማስታወሻ አቀረቡ። ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ (በዚያን ጊዜ ጄምስ ንጉጊ)፣ ሄንሪ ኦዉር አንዩምባና ታባን ሎ ሊዮንግ የፈረሙበት ይህ ማስታወሻ በ1972 በንጉጊ የመጣጥፍ መድበል ታትሞ ከወጣ በኋላ በአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የሥርዓተ ትምህርት ክርክር ሁሉ የሚጠቀስ ሰነድ ሆኗል። ማስታወሻው የጠየቀው ግልጽ ነው፤ የአንድ ባህል ታሪካዊ ቅጥልጥል የሚጠና ከሆነ ያ ባህል አፍሪካዊ የማይሆንበት ምክንያት ምንድን ነው? ሌላው ዓለም ከአፍሪካ ጋር ባለው ዝምድና ይጠና እንጂ አፍሪካ የሌላው ጥግ ሆና ለምን ትጠናለች?

ሰነዱ ሲወደስም ሲነቀፍም የኖረው በዚሁ በመካከልና በጥግ ጥያቄ ነው። በክፍሉ ውስጥ ስለሚቀመጠው ተማሪ የተነሣው ጥያቄ ግን ጥቂት ነው። ከቱርካና፣ ከማርሳቢት፣ ከላሙ ወይም ከላይኪፒያ ወደ ናይሮቢ የሚመጣ፣ ልሳኑ በማንኛውም የትምህርት እርከን ያልተፈተነበት ተማሪ ከዚያ ለውጥ ምን አገኘ? የዚህ ሒስ ዓላማ ማስታወሻውንና ተከትሎት የመጣውን የንጉጊ የቋንቋ ሐሳብ በዚህ ተማሪ ዐይን ማንበብ ነው።

2. የተፈጸመውና ሳይፈጸም የቀረው

ማስታወሻው ፍሬ ማፍራቱ አይካድም። ኮሌጁ በ1970 ራሱን የቻለ የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ሥነ ጽሑፍ አፍሪካን ማእከል አድርጎ መሰጠት ጀምሮ ነበር። ሥነ ቃል የትምህርቱ ዐምድ ሆነ፤ ቆይቶም ወደ ሁለተኛ ደረጃ ሥርዓተ ትምህርት ገባ። ተማሪው ወደ ትውልድ መንደሩ ተመልሶ ተረት፣ እንቆቅልሽና ዘፈን እንዲሰበስብ መላኩ በወቅቱ ደፋር ርምጃ ነበር። እስከዚያ ድረስ ዩኒቨርሲቲ ማለት መንደርን ጥሎ የሚገባበት ቦታ ነበርና።

ይሁን እንጂ የስብስቡ አካሄድ በጥንቃቄ ሲታይ አንድ ጉድለት ይታያል። ተማሪው ቃሉን በልሳኑ ይቀዳል፤ ወደ እንግሊዝኛ ይተረጉማል፤ ትንታኔውን በእንግሊዝኛ ይጽፋል፤ ውጤቱም የሚለካው በትንታኔው ነው። ስለዚህ ልሳኑ ወደ ክፍል የገባው የጥናት ቁስ ሆኖ ነው፤ የማሰቢያና የመከራከሪያ መሣሪያ ሆኖ አልገባም። ልሳኑን አሳምሮ የሚያውቅ፣ የእንቆቅልሹን የድምፅ ጨዋታና የሥርወ ቃል ፍቺ አብራርቶ መናገር የሚችል ተማሪ፣ እንግሊዝኛው ደካማ በመሆኑ ብቻ ስለ ራሱ እንቆቅልሽ ዝቅተኛ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል። ትምህርት ክፍሉ ስሙንና መጻሕፍቱን ቀየረ፤ የምዘናው ልሳን ግን እንደ ነበረ ቀጠለ።

3. የዝርዝሩ ሰዋስው

ለቋንቋ አጥኚ ይበልጥ ትኩረት የሚስበው የማስታወሻው ክፍል ስለ ልሳናት የሚያወሳው ነው። ስዋሂሊ፣ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ቀዳሚውን ስፍራ ይይዛሉ። ዐረብኛ፣ ሂንዱስታኒ፣ ጊኩዩ፣ ሉዎ፣ ካምባ ደግሞ በተቻለ ጊዜ በምርጫ የሚሰጡ ተብለው ይዘረዘራሉ፤ ዝርዝሩም በ«ወዘተ» ይዘጋል።

ኬንያ ከ60 በላይ ልሳናት ያሉባት፣ የባንቱ፣ የናይሎቲክና የኩሽ ቤተሰቦች የሚገናኙባት አገር ናት። በዝርዝሩ በስም ከተጠሩት የአገሩ ልሳናት መካከል ጊኩዩና ካምባ የባንቱ፣ ሉዎ የናይሎቲክ ሲሆኑ ሦስቱም ብዙ ሚሊዮን ወይም ብዙ መቶ ሺህ ተናጋሪ ያላቸው፣ ቀደም ብለው በሚሲዮኖች ፊደል የተቀረጸላቸው ናቸው። ከኩሽ ቤተሰብ አንድም ልሳን በስም አልተጠራም። ቦረና፣ ሬንዲሌ፣ ሶማሊኛ፣ አዌር፣ ዳሃሎ ሁሉም በ«ወዘተ» ውስጥ ናቸው። ከናይሎቲኮቹም ቱርካናና ሳምቡር እዚያው ናቸው።

በአንድ ቃል ላይ ይህን ያህል ክብደት መጣል ፍትሐዊ አይደለም የሚል ይኖራል። ሰነዱ አጭር ነው፤ ደራስያኑም ማንንም የመዝጋት ሐሳብ አልነበራቸውም። አንዩምባ ራሱ የሥነ ቃል ሰብሳቢ ነበር። ነገር ግን ዝርዝር የራሱ ሰዋስው አለው፤ በስም የተጠራው በጀት፣ መምህርና መማሪያ መጽሐፍ ሊጠየቅለት ይችላል፤ በ«ወዘተ» የተጠቃለለው ግን በመርሕ ደረጃ ተካትቶ በተግባር ይረሳል። ከዚያ ወዲህ የወጡት የኬንያ የቋንቋ ሰነዶች ይህንኑ ሰዋስው ደግመውታል። የ2010 ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 7 ስዋሂሊን ብሔራዊ፣ ስዋሂሊንና እንግሊዝኛን የሥራ ቋንቋ ካደረገ በኋላ የአገሬውን ልሳናት ልማትና አጠቃቀም መንግሥት እንዲያበረታታ ይደነግጋል። ድንጋጌው መልካም ነው፤ ልሳናቱ ግን እዚያም በጅምላ እንጂ በስም አልተጠሩም።

4. የፈተናው በር

ንጉጊ በ1986 በታተመው የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ፖለቲካን በሚመለከተው መጽሐፋቸው ስለ 1954 አንድ የክፍል ጓደኛቸው ያወሳሉ። ልጁ በሌሎች ትምህርቶች ሁሉ ከፍተኛ ውጤት አግኝቶ በእንግሊዝኛ ብቻ በመውደቁ ፈተናውን ሙሉ በሙሉ እንደ ወደቀ ተቆጠረ። ንጉጊ ራሳቸው በሌሎቹ መጠነኛ ውጤት ይዘው፣ እንግሊዝኛ ስለቀናቸው ወደ አሊያንስ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ገቡ። የመጽሐፉ ጥንካሬ ከዚህ ምስክርነት ይመነጫል፤ የአንድ ቋንቋ ፈተና የሌላው ዕውቀት ሁሉ በር ሆኖ መቆሙን ከዚህ በተሻለ ያሳየ ጽሑፍ ጥቂት ነው።

ንጉጊ የሰጡት መልስ ወደ ልሳን መመለስ ነው። በ1977 በካሚሪቱ በጊኩዩ የተዘጋጀው ተውኔት፣ ለዚያም የተከፈለው የእስር ዋጋ፣ በ1980 የታተመው የጊኩዩ ልቦለድ መልሱን በተግባር አሳይተዋል። ነገር ግን የመልሱ ቅርጽ የአንድ ትልቅ ልሳን ቅርጽ ነው። ጊኩዩ አንባቢ፣ አሳታሚ፣ መጽሐፍ ቅዱስና የፊደል ልማድ ነበረው። ደራሲው ወደ ልሳኑ ሲመለስ የሚቀበለው ሕዝብ አለ። የአዌር ወይም የዳሃሎ ተናጋሪ ተማሪ ግን ቢመለስ የሚያነብለት ይቅርና የሚጽፍበት የተስማሙበት ሆሄ እንኳ ላያገኝ ይችላል።

የኬንያ የትምህርት ፖሊሲም ይህን ልዩነት አላየም። የ1964ቱ የኦሚንዴ ኮሚሽን እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ሐሳብ አቀረበ። የ1976ቱ የጋቻቲ ሪፖርት በአንጻሩ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ክፍሎች የትምህርት ቤቱ አካባቢ ልሳን እንዲያገለግል ጠየቀ። «የአካባቢ ልሳን» የሚለው ሐረግ ለብዙኃኑ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ማለት ነው፤ ለአናሳው ግን የጎረቤት ቋንቋ ማለት ሆኖ ይገኛል። በቪክቶሪያ ሐይቅ ዳር የሱባ ልጅ የሚያገኘው ሉዎ ነው፤ በቱርካና ሐይቅ ዳር ኤል ሞሎዎች ወደ ሳምቡርኛ ዞረዋል፤ በሙኮጎዶ ያኩዎች ማሳይኛ ተናጋሪ ሆነዋል። ለእነዚህ ልሳናት መዳከም ትምህርት ቤት ብቸኛው ምክንያት ባይሆንም፣ የአፍ መፍቻ ትምህርት የሚል ስም የያዘ ፖሊሲ ግን መዞሩን ሊያስቆመው አልቻለም። የሱባው ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲደርስ በአራተኛ ቋንቋው ይፈተናል፤ የተመዘገበው ግን እንደ «ሉዎ ተናጋሪ» ሊሆን ይችላል።

በ8-4-4 ሥርዓት የሁለተኛ ደረጃ መልቀቂያ ፈተና አንድ ተማሪ ፈረንሳይኛን፣ ጀርመንኛን ወይም ዐረብኛን መርጦ ነጥብ መያዝ ይችል ነበር። ቦረናን ወይም ቱርካናን መርጦ ነጥብ መያዝ ግን አይችልም ነበር። ስለዚህ የሚያውቀው ዕውቀት ለዩኒቨርሲቲ መግቢያው አንዲት ነጥብ አላዋጣለትም።

5. ሞያሌ ላይ የተከፈለ አንድ ልሳን

የንጽጽሩ መልካም ምሳሌ ድንበር ላይ ይገኛል። በሞያሌ አንድ የቦረና ቤተ ዘመድ በሁለት አገር ይኖራል። በኢትዮጵያ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ኦሮምኛ በቁቤ እየተጻፈ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ ሆኗል፤ የ1994 የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም በአፍ መፍቻ ቋንቋ መማርን አጽንቷል። በኦሮሚያ አስተዳደር ሥር ባለ ትምህርት ቤት የሚማር ልጅ ሒሳብና ሳይንስን በልሳኑ ይጀምራል፤ በዩኒቨርሲቲም የኦሮምኛ ትምህርት ክፍል ሊመርጥ ይችላል። ከአስፋልቱ ማዶ ያለው የአክስቱ ልጅ በዚያው ልሳን እያወራ በስዋሂሊና በእንግሊዝኛ ይማራል።

ከዚህ በመነሣት ኢትዮጵያ መፍትሔውን አግኝታለች ማለት ግን ችኮላ ነው። ሁለቱ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ የማስተማሪያው ቋንቋ ለሁለቱም እንግሊዝኛ ነው። አንደኛው በልሳኑ የተማረውን ጽንሰ ሐሳብ ወደ እንግሊዝኛ የሚያሻግርበት ድልድይ አላገኘም፤ ሁለተኛው ደግሞ በእንግሊዝኛ የሸመደደውን በልሳኑ የሚያመሳክርበት ስያሜ የለውም። ኦሮምኛ በኢትዮጵያ ከትልልቆቹ ልሳናት አንዱ ሲሆን በናይሮቢ የአናሳ ልሳን መሆኑም ልብ ይሏል። አናሳነት በልሳኑ ውስጥ ያለ ባሕርይ አይደለም፤ ተቋሙ የሚሰጠው ቦታ ነው። ቦታውን የሰጠ ተቋም ሊለውጠውም ይችላል።

6. ድጋፍ ሲባል

የኬንያ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 56 መንግሥት ለአናሳና ለተገፉ ማኅበረሰቦች በትምህርት ልዩ ዕድል የሚሰጥ የድጋፍ ርምጃ እንዲወስድ ያዛል፤ ልሳናቸውን ማሳደግንም እዚያው ይጨምራል። አስፈላጊነቱ አያከራክርም። የ1965ቱ የመንግሥት ሰነድ ቁጥር 10 የልማት ገንዘብ ከፍተኛ ምርት ወደሚያስገኝ አካባቢ እንዲሄድ ሲወስን የሰሜኑን አርብቶ አደር ትምህርት ቤት ከመነሻው ወደ ኋላ አስቀርቶታል። ኢትዮጵያም ለአርብቶ አደር ክልሎች ተወላጆች የመግቢያ ነጥብ ዝቅ ስታደርግ የኖረችው በተመሳሳይ ምክንያት ነው።

የሁለቱ አገሮች ድጋፍ በአንድ ጉድለት ይመሳሰላል፤ ተማሪውን በር አስገብቶ ደጁ ላይ ይተወዋል። የመግቢያ ነጥቡ ይቀነሳል፤ ብድር ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ሁሉ በአንድ ልክ የሚሰጠው የመግባባት ክህሎት ትምህርት ነው። ይህ ትምህርት ተማሪው የሚጎድለውን እንግሊዝኛ ይቆጥራል፤ ይዞት የመጣውን ሦስት ወይም አራት ልሳን አይቆጥርም። አንቀጽ 56 አንድ ላይ ያስቀመጣቸውን የትምህርት ዕድልና የልሳን ልማት ተቋሙ ለሁለት ቢሮዎች አከፋፍሏቸዋል፤ የመጀመሪያው ለሬጅስትራር፣ ሁለተኛው ለቋንቋ ጥናት ክፍል። ተማሪው የሚወድቀው በሁለቱ መካከል ባለው ክፍተት ነው።

7. ተቃውሞዎቹና የቋንቋ አጥኚው ድርሻ

ሁለት ከባድ ተቃውሞዎች አሉ። የመጀመሪያው ከራሱ ከተማሪው ይመጣል፤ ናይሮቢ የመጣው እንግሊዝኛ ፍለጋ ነው፤ የመንደሩን ልሳን ለእናቱ ይናገርበታል። ተቃውሞው በቂ ምክንያት አለው፤ ሥራም ደመወዝም በእንግሊዝኛ ይገኛልና። ነገር ግን ክርክሩ እንግሊዝኛን ስለ መተው አይደለም። በሚገባው ልሳን አስቦ ወደ እንግሊዝኛ የሚሻገር ተማሪ እንግሊዝኛውም ይጠናለታል። ሁለተኛው ተቃውሞ የብዛት ነው፤ ከ60 በላይ ልሳናት ለእያንዳንዳቸው መምህርና መጽሐፍ ማቅረብ አይቻልም። ይህም እውነት ነው፤ ትምህርት ክፍልን በልሳን ቁጥር ማባዛት አይቻልም።

የሚቻለው ግን ተሞክሯል። በደቡብ አፍሪካ የሊምፖፖ ዩኒቨርሲቲ ከ2003 ጀምሮ ግማሹ በእንግሊዝኛ ግማሹ በሰሜን ሶቶ የሚሰጥ የመጀመሪያ ዲግሪ አካሂዷል፤ በሶቶ የሚሰጡት ኮርሶች በሶቶ ይፈተናሉ። ሰሜን ሶቶ የአገሪቱ ሕጋዊ የሥራ ልሳን በመሆኑ አርአያነቱ ለዳሃሎ በቀጥታ አይሠራም። ሆኖም የምዘናው ልሳን ሊለወጥ እንደሚችል ያሳያል፤ የናይሮቢው ማስታወሻ ያልደረሰበትም ይኸው ነጥብ ነበር።

ለትንሹ ልሳን ከዚህ ያነሰ፣ ግን ወዲያው ሊጀመር የሚችል ሥራ አለ። ተማሪ ሲመዘገብ የልሳን ታሪኩ ይጠየቅ፤ ብሔረሰቡ ሳይሆን የሚናገራቸው ልሳናትና የተማረባቸው ቋንቋዎች በቅደም ተከተል ይመዝገቡ። ይህ ቢደረግ የሱባው ተማሪ በሉዎ ስም አይሰወርም። በሥነ ቃልና በመስክ ጥናት ኮርሶች ተማሪው በልሳኑ የጻፈው ማብራሪያ ከትርጉሙ ጋር ነጥብ ይያዝበት፤ የልሳኑ ተናጋሪ የሆነ ከፍ ያለ ዓመት ተማሪም በረዳት አራሚነት ይመደብ። የሥነ ቋንቋ ክፍል ለሒሳብ፣ ለሕግና ለሥነ ሕይወት የመጀመሪያ ዓመት ጽንሰ ሐሳቦች አጫጭር የስያሜ ዝርዝሮችን ከተማሪዎቹ ጋር ያዘጋጅ። ብቃት ተኮር የሚባለው፣ ማእቀፉ በ2017 የወጣው ሥርዓተ ትምህርት ለታችኛው ክፍል የአገሬውን ልሳናት ስለሚፈልግ፣ እንዲህ ያለ ሥራ የትምህርት ቤት መምህራንንም ያገለግላል።

የቋንቋ አጥኚዎች እስከ ዛሬ ከአናሳ ልሳናት ተናጋሪ ተማሪዎች ብዙ ወስደዋል፤ ቃል ዝርዝር፣ የድምፅ ቅጂ፣ ለዶክትሬት የሚበቃ የግሥ ርባታ። በአንጻሩ ያ ተማሪ የራሱን ልሳን የድምፅ ሥርዓት ባስረዳበት ሴሚስተር በእንግሊዝኛ ድርሰት ወድቆ ሲሰናበት ሰምተው ዝም ያሉም አሉ። ከ1968ቱ ማስታወሻ ሊወረስ የሚገባው ድፍረቱ ነው፤ ትምህርት ክፍልን ከመሠረቱ መጠየቅ። ሊታረም የሚገባው ደግሞ የዝርዝሩ መጨረሻ ነው። ያ «ወዘተ» ተፈትቶ ልሳናቱ በየስማቸው መዝገብ ላይ ሲጻፉ፣ የምዘናው ልሳን ጥያቄ ለናይሮቢ የፈተና ቦርድ የሚቀርብበት መነሻ ያኔ ይገኛል።