የእግር መንገድና የብዕር መንገድ
ስለ አሶሳ በሚጻፉ የጉዞ ድርሰቶች ላይ የቀረበ ሐተታ

ስለ አገራችን ልዩ ልዩ ክፍሎች የሚጻፉ የጉዞ ድርሰቶች እየበዙ መሄዳቸው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ስለ አሶሳና ስለ ቤንሻንጉል ጉሙዝ የተጻፉትን ስንመረምር በብዙዎቹ ላይ አንድ ጉድለት እናገኛለን፤ ይኸውም ጸሐፊው ከመኪናው አለመውረዱ ነው። ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይጓዝና አገሩን «ለምለም»፥ ሕዝቡን «እንግዳ ተቀባይ» ብሎ ይመለሳል። ሁለቱም ቃላት ሐሰት አይደሉም፤ ዳሩ ግን ስለ ጅማም ሆነ ስለ ጎጃም ሊባሉ ስለሚችሉ፥ ስለ አሶሳ የነገሩን ነገር የለም።

በአሶሳ ዙሪያ «አምባ» እየተባሉ በቁጥር የሚጠሩ መንደሮች አሉ። በደርግ ዘመን በተካሄደው ሰፈራ፥ በተለይም ከ1977 ዓ. ም. ረኀብ በኋላ፥ ከወሎና ከሌላም ስፍራ የመጡ ሰዎች የሠፈሩባቸው ናቸው። በአጠገባቸው ደግሞ የበርታ ሕዝብ የቆዩ መንደሮች ይገኛሉ። በመኪና የሚያልፍ ሰው ሁለቱንም በአንድ መስኮት አይቶ ያልፋቸዋል። በቀጭኑ መንገድ የሚሄድ ግን ቁጥር ካለው መንደር ወጥቶ ስም ወዳለው መንደር እስኪደርስ ድረስ ሰላምታው ከአንድ ቋንቋ ወደ ሌላ ሲለወጥ ይሰማል። አንደኛው ጎረቤት በረኀብ ተገፍቶ የመጣ ነው፤ ሁለተኛው በአባቶቹ መሬት ላይ ሳለ ጎረቤት የመጣበት ነው። ይህን ታሪክ የመኪና መስኮት አይናገረውም።

ከውጭ አገር ሰዎችም የምንማረው አለ። ፈረንሳዊው ፍሬዴሪክ ካዮ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1821ና በ1822 ወደዚያ አካባቢ የዘለቀው ወርቅና ባሪያ ይፈልግ ከነበረው ከግብጽ ጦር ጋር ነው። ከጦር ጋር የሄደ ሰው የሚያገኘው የሸሸ ሕዝብና የተዘጋ ደጅ ነው። ከ60 ዓመት በኋላ የመጣው የኆላንድ ተወላጅ ሁዋን ማሪያ ስኹቨር ግን ጦር አልመራም። የጉዞ ጽሑፉ በ1996፥ በዚያው አቆጣጠር፥ በእንግሊዝ አገር በሃክሉት ማኅበር ታትሞ፥ ዛሬም ስለ አካባቢው ሕዝቦች ለሚመራመሩ ሰዎች ያገለግላል። ስለዚህ ደራሲ ወዴት ሄደ ብለን ብቻ ሳይሆን፥ ከማን ጋርና እንዴት ሄደ ብለን ልንጠይቅ ይገባናል።

እግር ብዕርን ዝግታ ያስተምረዋል። በክረምት ሣሩ ከሰው ቁመት በላይ አድጎ መንገዱን ይሰውረዋል፤ በበጋ እሳት ሲበላው ያው መንገድ በጠቆረ መሬት ላይ ጎልቶ ይታያል። የጉሙዝ ሴት ሸክሟን በትከሻዋ ባጋደመችው እንጨት ከፊትና ከኋላ አመዛዝና ትሄዳለች። «ሴቶች ሸክም ተሸክመው ይታያሉ» ብሎ የጻፈ ሰው ይህን ጥበብ አላየም፤ ከኋላዋ ጥቂት የተራመደ ሰው ግን አይስተውም።

ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ. ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ሰብለን በመነኵሴ ልብስ ሰውረው ለመንገድ መስጠታቸውን አንባቢ ሁሉ ያስታውሳል። እዚያ መንገዱ ጌጥ አይደለም፤ የሰው ዕጣ የሚፈተንበት ነው። የጉዞ ጸሐፊዎቻችንም መንገድን በዚህ ዓይን ቢያዩት እንወዳለን።

ይህን ስንል ግን የእግረኛ ድርሰት ሁሉ መልካም ነው ማለታችን አይደለም። ከመኪና የወረደውም ጸሐፊ በሌላ ስሕተት ይወድቃል፤ ማንጎውንና ሽመሉን፥ ጸጥታውንና ንጹሑን ነፋስ ሲያደንቅ፥ መንገዱ ለእርሱ የአንድ ቀን ሽርሽር፥ ለነዋሪው ግን የዕድሜ ልክ ድካም መሆኑን ይረሳል። ታማሚን በቃሬዛ ተሸክሞ በዚያ መንገድ የሄደ ሰው የመኪና መንገድ ቢሠራለት አይጠላም። ይህን ያልጻፈ ድርሰት ውብ ሊሆን ይችላል፤ እውነተኛ ግን አይሆንም።

ስለዚህ ለመምህራን አንድ ሐሳብ እናቀርባለን። ተማሪው ከመንደሩ እስከሚቀጥለው መንደር በእግሩ ይሂድ፤ ያገኛቸውን ሰዎች በአክብሮት ሰላም ይበል፤ የወንዙንና የጉብታውን ስም ከባለቤቶቹ ይጠይቅ፤ ከዚያም «ለምለም» የሚለውን ቃል ሳይጠቀም አንድ ገጽ ይጻፍ። ያች ገጽ፥ ብትጎድልም እንኳ፥ ከብዙ የውዳሴ ገጾች ትበልጣለች ብለን እናምናለን።