ሦስት ደቂቃው ደባርቅ አይደርስም

ደባርቅ ላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፤ ቶሎ ግን አያበስልም። ባቄላ ቀቅሎ የማያውቅ የደባርቅ ሰው ስለሌለ ይህ ለማንም አዲስ ነገር አይደለም። እኔ ግን ረስቼው ነበር።

ስሜን ተራሮች ለሚወጡ እንግዶች ምግብ አብሳይ ነኝ። ጉዞ ሲያበቃ ከስንቁ የተረፈው ለእኛ ይቀራል። አንድ ጊዜ ጃፓኖች ሦስት ዓይነት ደረቅ ኑድል ትተውልኝ ሄዱ። አስጎብኚው እነሱን እየጠየቀ በየፓኬቱ ላይ በእስክሪብቶ ጻፈልኝ፦ የሳፖሮ ሚሶ፣ የቶኪዮ ሾዩ፣ የሃካታ ቶንኮትሱ። በመጨረሻው ላይ «የአሳማ አጥንት መረቅ» ብሎ ጨመረበት። ልጆቼ ገና ከሩቅ ሲያዩት «ኢንዶሚ!» አሉ። ለእነሱ በፓኬት የመጣ ሁሉ ኢንዶሚ ነው። ጃፓኖች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ይሆን? ዶንቤ የሚባለውን የታሸገ ኑድል እንኳ ለምሥራቁና ለምዕራቡ አገራቸው መረቁን ለይተው ነው የሚሸጡት።

በሳፖሮው ጀመርኩ። ሦስት ደቂቃ ይላል፤ ሦስት ደቂቃ ቀቀልኩት። ወፍራምና ጥቅልል ነው፤ ላዩ ለስልሶ እምብርቱ ጥሬ ቀረ። ደቂቃ ስጨምርለት ላዩ ላሸቀ። ከተማችን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን 90 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ይፈላል፤ ጨነቅ ካምፕ፣ 3,600 ሜትር ላይ፣ 88 ገደማ ነው። እሳት ብትጨምርበት ውሃው ይተናል እንጂ ከዚያ አይሞቅም።

መላውን ያገኘሁት ከድርቆሽ ነው። ሞሞፉኩ አንዶ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1958 የመጀመሪያውን ፈጣን ኑድል ሲሠራ፣ በእንፋሎት የበሰለውን ኑድል በዘይት ጠበሰው። ዘይቱ ውሃውን ሲያስወጣው በቦታው ጥቃቅን ቀዳዳ ይቀራል፤ በኋላ የፈላ ውሃ የሚገባው በዚያ ነው። ድርቆሽም አንዴ የበሰለ፣ ዓይኑ እንደተከፈተ የደረቀ እንጀራ ነው። ድርቆሽን ማን ይቀቅላል? ቁሌቱ ውስጥ አስገብተህ፣ ከድነህ፣ ትተወዋለህ። እናም ቀጣዩን ሁለት ደቂቃ ብቻ አፍልቼ አወረድኩት፤ ድስቱን እንደተከደነ በጋቢ ጠቅልዬ አምስት ደቂቃ አቆየሁት። እምብርቱም ላዩም እኩል ለሰለሰ። ጋዝም ተረፈ፤ በበቅሎ ጭኖ ለሚወጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለ ቶኪዮው ብዙ የምለው የለኝም። ጨው ይበዛበታል፤ ዱቄቱን ግማሽ ማድረግ ነው።

ሃካታውን አልበላሁትም። በሚቀጥለው ጉዞ ጨነቅ ላይ ለአንድ እንግዳ ሠራሁለት። በጾም ለፈረንጅ ሥጋና እንቁላል ስሠራ ኖሬያለሁና ሳልቀምስ ማብሰል ለምጄዋለሁ፤ ጨውን በዓይን፣ መብሰሉን በአፍንጫ ነው የማውቀው። የሚያናድደው ግን እንደ ክር የቀጠነው እሱ በመሆኑ በዚያ ብርድና ከፍታ ያለ አንዳች ዘዴ መብሰሉ ነው። ለእኛ አገር ከሦስቱ የሚስማማው ኑድል እኛ የማንበላው ሆነ።

የሚሶው ነገር ግን እቤት ቀረ። ሳፖሮውን የቀቀልኩ ቀን እናቴ ሽታው ደርሷት «ስልጆ ነው እንዴ?» ብላ ነበር። ብዙም አልሳተችም። ሚሶ በጨው የተብላላ አኩሪ አተር ነው፤ ስልጆ በሱፍ ውሃ በስሎ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት የተብላላ የባቄላ ዱቄት። የጃፓኖቹ ሲያልቅ ከሱቅ ኢንዶሚ ገዛሁና አንድ ዓርብ ዱቄቱን ትቼ በስልጆ ሞከርኩት። መጀመሪያ ድስቱ እሳት ላይ እያለ ጨመርኩበትና የሰናፍጩ ኃይል ጠፋ። በሚቀጥለው ረቡዕ ኑድሉን ከጋቢው አውጥቼ፣ ትንሽ አብርጄ፣ ከዚያ ለወስኩት። አፍንጫ ድረስ ወጣ። ለእናቴ በሳህን አቀረብኩላት።

ሁለቴ ጎርሳ «ጥሩ ነው» አለችኝ፤ «ኑድሉን ቀንሰህ ስልጆውን ብትጨምርበትስ?»