የተዘጋ አንጀት ይዘው ስለሚወለዱ ሕፃናትና ስለ ሁለቱ ቀዶ ጥገናዎች ንጽጽር

አንጀቱ ተዘግቶ የተወለደን ሕፃን ሆዱን ከፍቶ ማከም ይሻላል ወይስ በትናንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ? በዚህ ጥያቄ ላይ በውጭ አገር ብዙ ተጽፏል። ጽሑፎቹን ስንመረምር ግን አንድ ነገር አላረካንም፤ ይኸውም ንጽጽሩ የሚጀምረው ሕፃኑ ከሐኪሙ ጠረጴዛ ላይ ከተኛ በኋላ መሆኑ ነው።

ለአዲሱ ዘዴ የሚገባውን ምስጋና አንነፍገውም። የሆላንዱ ሐኪም ባክስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2001 የዱዎዲነምን፥ ማለትም የቀጭኑን አንጀት መጀመሪያ፥ መዘጋት በቀዳዳ መጠገናቸውን አስታወቁ። ነገር ግን ጃፓናዊው ኪሙራ በ1977 ያሳወቀው የአልማዝ ቅርጽ ያለው ስፌት በሁለቱም መንገድ የሚሠራ ነው፤ ስለዚህ የተለወጠው መግቢያው ብቻ ነው። በዚያው በዩትሬክት የተሰፋው አንጀት እያፈሰሰ ስላስቸገረ ሥራው ለጊዜው ተቋርጦ በኋላ እንደ ገና ተጀመረ። ከዚህም ሌላ ብዙዎቹ ንጽጽሮች የቆየ መዝገብ በማገላበጥ የተሠሩ ናቸው። ለቀዳዳው ጠንከር ያለው ሕፃን ተመርጦ ከሆነ፥ የተመሰገነው መሣሪያው ይሁን ሕፃኑ ለመለየት ያስቸግራል።

በዕጣ ከፍሎ የተሠራ ምርመራ የሚፈልግ አንባቢ፥ ለጥቂት ሳምንት ሕፃናት በሽታ ለጨጓራ መውጫ መጥበብ የተሠራውንና በ2009 በላንሴት መጽሔት የወጣውን ይመልከት። ከ180 ሕፃናት መካከል ሆዳቸው የተከፈተው በ23.9 ሰዓት፥ በቀዳዳ የታከሙት በ18.5 ሰዓት ሙሉ ምግባቸውን መውሰድ ጀመሩ፤ ቁጥሮቹ መካከለኛውን ጊዜ ያሳያሉ። ትርፉ አምስት ሰዓት ተኩል ያህል ነው።

አምስት ሰዓት ተኩል ለጎጃም ደጋ ሰው ምንድር ነው? ከጮቄ ተራራ ሥር የተወለደ ሕፃን አረንጓዴ ቢያስታውክ እስከ መኪናው መንገድ በሰው ጀርባ ይመጣል፤ ከዚያ ደብረ ማርቆስ ይደርሳል፤ ከደብረ ማርቆስም ወደ ባሕር ዳር ወይም የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ወዳለው አዲስ አበባ ይላክ ይሆናል። አንጀቱ ተጠማዝዞ እንደ ሆነ ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊሞት ይችላል። ለአራስ ሕፃን ቅቤ የማቅመሱም ልማድ አለ፤ አንጀቱ ለተዘጋ ሕፃን ቅቤው መውረጃ ስለሌለው ተመልሶ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ያሰጋል።

በ2021 በዚያው መጽሔት የወጣው የ74 አገሮች ጥናት ሰባት የተፈጥሮ ጉድለቶችን መርምሮ፥ በድሆች አገሮች ከመቶ 39.8፥ በሀብታሞቹ 5.6 ሕፃናት መሞታቸውን አሳይቷል። ከሞት ጋር ተያይዘው የተገኙትም ሕፃኑ ሲደርስ ደሙ ተመርዞ መገኘቱ፥ የመተንፈሻ መሣሪያና በደም ሥር የሚሰጥ ምግብ መታጣቱና የመሳሰሉት ናቸው። የቁስሉን ርዝመት የሚያነሣ በዚህ መካከል የለም!

የቀዳዳው መሣሪያ አይምጣ አንልም። ነገር ግን ሆዱን ለመንፋት የሚገባው ጋዝ ድያፍራሙን ወደ ላይ ይገፋል፥ ወደ ደምም ይሰርጋል፤ ስለዚህ የሠለጠነ የማደንዘዣ ባለሙያና ትንፋሹን የሚለካ መሣሪያ በቅድሚያ ያስፈልጋል። እነዚህ ደግሞ ሆዱ ለሚከፈተውም ሕፃን ይጠቅማሉ። ከዚያ በፊት በጤና ጣቢያው ጨጓራውን በቱቦ ማፍሰስ፥ ፈሳሽ በደም ሥር መስጠት፥ ከእናቱ ገላ አስጠግቶ ማሞቅ አለ፤ ዋጋቸው ከካሜራው ጋር አይወዳደርም።

ለጥናት የሚነሣ ጓደኛ ቢኖር በሪፈር ወረቀቱ ላይ አንድ ዓምድ እንዲጨመር እንጠይቃለን፤ የመጀመሪያው አረንጓዴ ትውከት የታየበት ሰዓት።