‹‹ስነበር›› በአማርኛ፦ ስለ አንድ ሙያዊ ቃል አተረጓጐም የቀረበ ሒስ

በመርካቶ፣ ሰባተኛ አካባቢ፣ የድምፅ መሣሪያ በሚጠገንበት አንድ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ወደ አማርኛ የተመለሰ የጥገና መምሪያ ተመልክተናል። የተርጓሚውን ስም መጥቀስ አያስፈልግም፤ ስሕተቱ የብዙዎቻችን ነውና። መምሪያው ‹‹ስነበር›› የተባለውን ዑደት አንድ ቦታ ‹‹ናቂ››፣ ሌላ ቦታ ‹‹የጩኸት ማጣሪያ›› ይለዋል። የሱቁ ባለሙያ ሁለተኛውን ስያሜ ተከትሎ ሬዚስተሩንና ካፓሲተሩን በስፒከሩ መውጫ ላይ በይዷቸው ነበር፤ ማጉያው ግን አልተሻለውም። እጁን ያሳተው የተሰጠው ቃል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። መደብ ‹‹ዲ›› በሚባለው ማጉያ ውስጥ ትራንዚስተሮቹ እንደ ማብሪያ ማጥፊያ በሴኮንድ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይበራሉ፣ ይጠፋሉ። (መምሪያው ‹‹ዲጂታል ማጉያ›› ማለቱም ስሕተት ነው፤ ‹‹ዲ›› ከኤ፣ ከቢና ከሲ ቀጥላ የመጣች የመደብ ፊደል ናት።) በበሩና በጠፉ ቍጥር፣ በሽቦውና በመዳቡ መሥመር ያለው ጥቂት ኢንዳክታንስ ከትራንዚስተሩ ካፓሲታንስ ጋር ተጣምሮ ቮልቴጁን ያወዛውዘዋል፤ ባሌስትራ ብቻ ያለው መኪና ጉድጓድ በረገጠ ቍጥር ደጋግሞ እንደሚነጥር ማለት ነው። ይህ መወዛወዝ አብዛኛውን ጊዜ በሴኮንድ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ስለ ሆነ ጆሮ አይሰማውም። ሆኖም የሬዲዮ ሞገድ ይረብሻል፤ ጫፉ ሲበረታም ትራንዚስተሩን እስከ ማበላሸት ይደርሳል።

እንግዲህ ስያሜዎቹን እንመርምር። ‹‹ናቂ›› የመጣው ከመዝገበ ቃላት የመጀመሪያውን ፍቺ ብቻ ከማንሣት ነው። እንግሊዝኛው ግሥ ሰውን አቃሎ ማሳፈርን ቢያመለክትም፣ መርከበኞች የሚሮጥ ገመድ በግንድ ላይ ጠምጥመው መግታትን በዚሁ ቃል ይጠሩታል፤ ለመሣሪያው የሚስማማውም ይህ የመግታት ፍቺ ነው። ‹‹ጩኸት›› በበኩሉ የማይሰማውን ነገር የሚሰማ ያስመስለዋል። ከሁሉ የሚከፋው ግን ‹‹ማጣሪያ›› ነው። ማጣሪያ የሚፈለገውን ከማይፈለገው ይለያል፤ በማጉያውም ውስጥ በትራንዚስተሮቹና በስፒከሩ መካከል የሚቆም ራሱን የቻለ ማጣሪያ አለ። ስነበር ግን በትራንዚስተሩ ጎን በአጭር ሽቦ ይገጠማል፤ የመወዛወዙንም ኀይል በሬዚስተሩ አማካይነት ወደ ሙቀት ይለውጣል። ካፓሲተሩ 1 ናኖፋራድ፣ ቮልቴጁ 50፣ ማብራትና ማጥፋቱ በሴኮንድ 400,000 ጊዜ ቢሆን፣ በሙቀት የሚወጣው 1 ዋት ያህል ነው። ስለዚህ አንድ ባልደረባችን የሰነዘረው ‹‹ማብረጃ››ም አይስማማም፤ ዕቃው ራሱ ይሞቃልና።

ይህንኑ ለባለሙያው ስናስረዳው ‹‹ታዲያ ማርገቢያ ነው አይሉኝም፣ ጋሼ!›› አለን። ቃሉ ከወንበራችን ሳይሆን ከጠረጴዛው መምጣቱን አንሸሽግም። ቅርጹም እንደ ‹‹ማጉያ››ና እንደ ‹‹ማጣሪያ›› የመሣሪያ ስም ስለ ሆነ ከእነርሱ ጎን ያለ ችግር ይሰለፋል። እርግጥ የከበሮ ቆዳ ‹‹ረገበ›› ሲባል ላላ ማለት ነው፤ ነገር ግን ውጥረትን ማርገብም የታወቀ አነጋገር ነው። ‹‹የንዝረት ማርገቢያ›› እንዳንለው ደግሞ ‹‹ኤሌክትሪክ ነዘረኝ›› የሚለው የዕለት ተዕለት ንግግር ይከለክለናል፤ አንባቢው ዕቃው ከአደጋ የሚጠብቀው ይመስለዋል።

ስለዚህ ‹‹ማርገቢያ ዑደት›› እንዲባል፣ ፍቺውም ‹‹በተከታታይ የተያያዙ ሬዚስተርና ካፓሲተር ያሉት፣ ከሚበራና ከሚጠፋ ትራንዚስተር ጎን ተገጥሞ የቮልቴጅ መወዛወዝን የሚያረግብ›› ተብሎ እንዲመዘገብ ሐሳብ እናቀርባለን። የሚገጠምበት ቦታ ከፍቺው እንዳይቀር አጥብቀን እናሳስባለን። የሰባተኛው ባለሙያ ያጣው ያንኑ ነበር።