አንድ ዓመት፣ ሁለት ፍጻሜ፦ የባሃኢ የትንቢት ንባብ በኢትዮጵያዊ ሚዛን

ከአምቦ ተነሥቶ በጌዶና በባኮ አልፎ ወደ ነቀምትና ጊምቢ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ኦርቶዶክሱ፣ የመካነ ኢየሱስ ምእመኑ፣ ሙስሊሙና ዋቄፈናን የሚከተለው ተጎራብተው ይኖራሉ። ጊምቢ ሲደረስ ደግሞ የአድቬንቲስት ሆስፒታል አለ። አድቬንቲስቶች የእምነታቸውን መነሻ ከ1844 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጋር ያያይዛሉ። ባሃኢዎችም የሃይማኖታቸውን ልደት የሚቆጥሩት ከዚሁ ዓመት ነው። ሁለቱም የሚጠቅሱት ያንኑ ቃል ነው፦ ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 8 ቁጥር 14።

የባሃኢ ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በግብፃዊው ሰብሪ ኤልያስ አማካይነት አዲስ አበባ ገባ። ቀደም ብለው ወደ አማርኛ ከተመለሱት የእምነቱ መጻሕፍት አንዱ የስኮትላንዳዊው ሐኪም ጆን ኤስልሞንት «ባሃኡላህና አዲሱ ዘመን» ነው፤ ባሃኡላህ የእምነቱ መሥራች ነው። መጽሐፉ በባሃኢ እንቅስቃሴ ተፈጸሙ ለሚላቸው ትንቢቶች ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቷል። ስለዚህ የፍጻሜው ጥያቄ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ የቀረበው ገና ከጅምሩ ነበር።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ዳንኤል የሚናገረው 2300 ማታና ጠዋት እያንዳንዱ ቀን እንደ ዓመት ሆኖ ይተረጎማል፤ መነሻው ንጉሥ አርጤክስስ ለዕዝራ ትእዛዝ የሰጠበት፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 457 ይሆናል፤ መድረሻውም 1844። አሜሪካዊው ገበሬና ሰባኪ ዊልያም ሚለር በዚህ መንገድ ቆጥሮ የክርስቶስን ምጽአት ሰበከ። የተጠበቀው ቀን በጥቅምት መጥቶ አለፈ። አድቬንቲስት የሆኑት ተከታዮቹ ክርስቶስ ያን ቀን በሰማያዊው መቅደስ አዲስ አገልግሎት ጀመረ አሉ። ባሃኢዎች ግን ወደ ኢራን ያመለክታሉ፤ በዚያው ዓመት በግንቦት፣ የባሃኡላህ መንገድ ጠራጊ የሚሉት ሰይድ አሊ ሙሐመድ በሺራዝ «ባብ» መሆኑን አውጇልና።

አንድ ቁጥር ሁለት የማይታረቁ ፍጻሜዎችን ከተሸከመ፣ ማስረጃው ቁጥሩ ብቻ ሊሆን አይችልም። የዳንኤል ምዕራፍ 8 ራሱ አውራው በግ የሜዶንና የፋርስን፣ ፍየሉ የግሪክን መንግሥት እንደሚያመለክት ይናገራል። ሄሮኒሞስን የመሰሉ ጥንታውያን ተርጓሚዎች ትንሹን ቀንድ አንጥዮኮስ ኤጲፋንስ ነው ያሉት ከዚህ ተነሥተው ነው። የአርጤክስስ ትእዛዝ በዚህ ምዕራፍ የለም፤ ወደ ስሌቱ የገባው በምዕራፍ 9 በኩል ነው።

በዮሐንስ ራእይ 1260 ቀን ላይ ችግሩ ይጎላል። እ.ኤ.አ. ከ1904 እስከ 1906 በአካ የተሰጡት የባሃኡላህ ልጅ የአብዱል-ባሃ ማብራሪያዎች ይህን ቁጥር ከሂጅራ ጀምረው በጨረቃ ዓመት ይቆጥሩታል፤ ባብ ራሱን የገለጠውም በ1260 ዓመተ ሂጅራ ነው። የዳንኤል 2300 ግን በፀሐይ ዓመት ተቆጥሯል። መለኪያው ሲለዋወጥ ሁለቱም ቁጥሮች ወደ አንድ ዓመት ይደርሳሉ። አብዱል-ባሃ የራእዩን ሁለት ምስክሮች ነቢዩ ሙሐመድና አሊ ሲላቸው፣ የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሄኖክና ኤልያስ ትላለች።

ያም ሆኖ ኢትዮጵያዊ ሐያሲ መቁጠርን ራሱን እንግዳ ነገር አድርጎ ሊገፋው አይችልም። ለአዳም የተሰጠው የአምስት ቀን ተኩል ተስፋ፣ ቀኑ ሺህ ዓመት ሆኖ፣ በ5500 ዘመን በክርስቶስ ልደት ተፈጸመ የሚለው ትምህርት የአገር ነው። የፖለቲካ ታሪክም የራሱ ምሳሌ አለው፤ ካሳ ኃይሉ በየካቲት 1847 ዓ.ም. በደረስጌ ማርያም ሲነግሡ፣ በፍካሬ ኢየሱስ የተነገረለትን የቴዎድሮስን ስም ወሰዱ።

እዚህ ላይ ለባሃኢዎች ሊሰጥ የሚገባ ነጥብ አለ። ካሳ ስሙን መርጠው ወስደዋል፤ ባሃኡላህ ግን እ.ኤ.አ. በ1868 በቀርሜሎስ ተራራ አቅራቢያ ካለችው አካ የደረሰው በኦቶማን መንግሥት ተግዞ እስረኛ ሆኖ ነው። የኢሳይያስን የቀርሜሎስ ክብር ከዚያ ስፍራ ጋር የሚያያይዙ ባሃኢዎች፣ ቦታውን የመረጡት ጠላቶቹ መሆናቸውን አጥብቀው ያነሣሉ። ክርክሩ ክብደት አለው፤ ሆኖም ኢሳይያስ ቀርሜሎስን ከሊባኖስና ከሳሮን ጋር የጠራው የምድረ በዳውን ልምላሜ ሊገልጽ ስለሆነ፣ የስፍራው መገጣጠም ብቻውን አይበቃም።

የባሃኢ ንባብ ጥንካሬ ያለው ከስሌቱ ይልቅ በምሳሌያዊ ትርጓሜው ነው። ባሃኡላህ በባግዳድ የጻፈው «ኪታበ ኢቃን» በማቴዎስ ወንጌል 24 የተነገረውን የፀሐይና የጨረቃ መጨለም የሃይማኖት መሪዎች ብርሃን መጥፋት፣ ደመናውን ሰዎች ከጠበቁት ጋር የሚጋጭ መጋረጃ አድርጎ ያነበዋል። በአንድምታ ያደገ የቅኔ ተማሪ ይህን አካሄድ ያውቀዋል። ልዩነቱ ያለው ምሳሌው ከታሪኩ ጋር ባለው ግንኙነት ነው። የአንድምታ መምህር በአንድ ንባብ ላይ ብዙ ፍቺ ሲደረድር፣ ክርስቶስ ራሱ ዳግም በክብር ይመጣል የሚለውን የጸሎተ ሃይማኖት ቃል አይነካም፤ ኢቃን ግን በምሳሌው ያን ተስፋ በሌላ አካል ይተካዋል። ሙስሊሙም የነቢያት መደምደሚያ የሚለውን የቁርኣን 33፡40 ቃል ይዞ ተመሳሳይ ተቃውሞ ያነሣል።

ለዋቄፈና ተከታይ ግን ጥያቄው ሌላ ነው። በምዕራብ ሸዋ የሚገኘው ኦዳ ቢሲል የሜጫ ኦሮሞ የገዳ ማዕከል ነው፤ ሥርዓቱና ሕጉ ከትውልድ ወደ ትውልድ በቃል የተላለፈ ነው። ባሃኢዎች ፈጣሪ ለሕዝብ ሁሉ መልእክተኛ ልኳል ብለው ያስተምራሉ፤ የፍጻሜ ማስረጃዎቻቸው ግን በአብዛኛው ከተጻፉ መጻሕፍት የተቀዱ ናቸው። ዳንኤልን መጽሐፉ ላላደረገ የባኮ ሽማግሌ 2300 ምንም አያስረዳውም።

ባሃኡላህ ራሱ የእውነተኛነቱ የመጀመሪያ ማስረጃ የራሱ ማንነት፣ ቀጥሎ መገለጡ፣ ከዚያም ቃሉ እንደሆነ ጽፏል። ይህ ቅደም ተከተል ከኤስልሞንት የትንቢት ምዕራፍ ይልቅ ለሐቀኛ ውይይት ይመቻል። ስለ ሰው ልጅ አንድነት፣ ስለ ሴቶችና ወንዶች እኩልነት፣ ስለ ሃይማኖቶች ምንጭ ያስተማረውን የባኮ ክርስቲያንም ሙስሊምም የዋቄፈና ተከታይም በየራሱ እምነት ሊመዝነው፣ ሊቀበለው ወይም ሊሞግተው ይችላል፤ ለዚህ ደግሞ የሚለርን ስሌት አስቀድሞ መቀበል አይጠበቅበትም።